በትዕግሥት ላይ ያለ ብድር

ፓውነል፣ ኦሃዮ
ሴፕቴምበር 9፣ 2018

ይድረስ ባሕር ተሻግራ ለቀረችብኝ ለማርሊ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ምግቡስ ተስማማሽ? እኔ ከግራ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ቢሆን ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ ተሸክሞኝ አሁን ቢያጉረመርም አልፈርድበትም። እግዚአብሔር እዚያም ካንቺ አይለይ፤ ለምታስተምሪያቸው ልጆች ልቡና ይስጥልሽ።

እዚህ ኮሌጁ ተከፍቷል። የዘንድሮ ተማሪዎች ከአምናዎቹ ያነሱ ናቸው። ሌላው በመዝገብ ይቁጠር፤ እኔ የምቆጥረው በሳህን ነው። ሰኞ ምሳ ላይ ያጠብነው ሦስት መቶ አሥር ሳህን ነው። አንቺ እዚህ ስትማሪ እኮ ስድስት መቶ እናጥብ ነበር! ቨርነንን ታውቂው የለ፣ አሁንም የኩሽናው አዛዥ እሱ ነው። «ሎርና፣ ልጆቹ የት ገቡ? የኔን ማካሮኒ ሸሽተው ነው?» አለኝ። «ማካሮኒህ ቢያባርር ኖሮ ያኔ እነማርሊ ነበሩ የሚጠፉት» አልኩት። ጭልፋውን ወረወረብኝ። ሳተኝ እንጂ።

ደሞ አንድ የሚያስደስት ነገር! አዲሱ የዴንሎው ኮሌጅ ብሮሸር ላይ ፎቶሽ አሁንም አለ። ጋዋንሽን ለብሰሽ፣ ቆብሽን በእጅሽ ይዘሽ ትስቂያለሽ። ከሥሩ «ከመቶ ዘጠና አራቱ ምሩቆቻችን በስድስት ወር ውስጥ ሥራ ይይዛሉ፤ አማካይ ገቢያቸው በዓመት አርባ ስድስት ሺ ዶላር ነው» የሚል ተጽፎበታል። አንዱን ወስጄ ፍሪጄ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሰው ሲመጣ ከማሳየቴ በፊት ራሱ እንዲያየው ዝም እላለሁ፤ ካላየው ግን አሳየዋለሁ።

ልረሳው ነበር። ከብድር ኩባንያው አንድ ደብዳቤ በኔ ስም መጥቷል። አድራሻ ተሳስተው ይሆናል። «ብድሩ በትዕግሥት ላይ የቆየበት ጊዜ አብቅቷል» ይላል። እኔ የወደድኩት ቃሉን ነው። ትዕግሥት! አበዳሪ እንዲህ ያለ የቤተ ክርስቲያን ቃል ሲጠቀም አይቼ አላውቅም። እሁድ ፓስተሩ «እርስ በርሳችሁ ታገሡ» የሚለውን ሲያነብ እነዚያም ሰዎች ትዝ አሉኝና ጸለይኩላቸው። ወረቀቱን ምን ላድርገው?

የልደትሽን ሃያ ዶላር ካርዱ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። «እዚህ አይሠራም» ብትዪኝ አልሰማሽም።

ሳህን ባጠበች ቁጥር የምታስብሽ፣
አክስትሽ ሎርና


ሞክፖ፣ ኮሪያ
ኦክቶበር 3፣ 2018

ለኔዋ አክስት፤

ሰላምሽ ይብዛ፤ ጉልበትሽንም ይማርልሽ። ደብዳቤሽ በሦስት ሳምንቱ ደረሰኝ። ሃያ ዶላሩ ይሠራል። ባንክ ያለችው ልጅ በብርሃን አገላብጣ አይታው፣ እንደ መነኩሴ አጎንብሳ መነዘረችልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። የማስተምረው፣ ልጆች ከመደበኛ ትምህርታቸው በኋላ ለእንግሊዝኛ የሚመጡበት ቤት ነው። ሁሉም ሥዕል ሲሥሉኝ አፍንጫዬን ከወረቀቱ አስወጥተው ጠረጴዛው ላይ ይጨርሱታል። ክፍሌ ከዓሣ መሸጫ በላይ ነው፤ ኪራዩን የሚከፍሉት አሠሪዎቼ ናቸው።

ያን ብሮሸር ከፍሪጁ ላይ አንሺው እባክሽ። ምግብ ያበላሻል።

ወረቀቱን አታስቢበት፤ የኔ ጉዳይ ነው። ለሁሉም የሚልኩት የተለመደ ነገር ነው። መሳቢያ ውስጥ ክተቺው፤ ሌላም ከመጣ እዚያው። ስልክ ከደወሉ አታንሺ። ከገና በኋላ ሁሉንም አስተካክለዋለሁ። እኔም ስልኬን ቀይሬያለሁ፤ አዲሱ ገና ስላልተስተካከለ ለጊዜው እንዲህ በደብዳቤ ይሻለናል። ጽሕፈትሽን ማየት ደስ ይለኛል ደሞ።

ቨርነንን ሳሚልኝ። ጭልፋውን አስቀምጦ ይሁን ግን።

ማርሊ


ፓውነል
ኦክቶበር 28፣ 2018

ለማርሊ፤

ሰላምታዬ ከቅዝቃዜው ቀድሞ ይድረስሽ፤ እዚህ ቅጠሉ ረግፎ አልቋል። ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ከጀመርኩ ግን የሚቀጥለው አይመጣልኝም።

ስልኩን አነሳሁት። አትቆጪኝ። የጉልበቴ ሐኪም መስሎኝ ነው።

«ወይዘሮ ፕሩዊት ነዎት?» አለች። ድምፅዋ የልጅ ነው።

«ነኝ የኔ ልጅ።»

«የማርሊ ጎስኔል አብሮ ፈራሚ ነዎት?»

«አዎ፣ ፈርሜላታለሁ። ምስክሯ ነኝ።»

ወረቀት ስትገልጥ ይሰማኛል። «ምስክር አይደሉም እመቤት። ዋስ ነዎት። እሷ ካልከፈለች የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። ለመሆኑ ምኗ ነዎት?»

«የእናቷ የአክስት ልጅ ነኝ።»

«ሩቅ ዘመድ ነዎታ!»

«ሩቅ? እናቷ ከሞተች ወዲህ የቤት ሥራዋን የሠራችው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው» አልኳት። ይሄን የምትጽፍበት ቦታ የላትም መሰለኝ፣ አለፈችው።

ከዚያ ስለ ትዕግሥቱ ጠየቅኳት። ሦስት ጊዜ ትዕግሥት ጠይቀሽ ሦስቴም ተሰጥቶሽ ኖሯል። በየጊዜው ያልተከፈለውን ወለድ ከዋናው ጋር እየደመሩ፣ በሁለቱም ላይ እንደገና ወለድ ሲያስቡ ቆይተዋል። ሃያ ስምንት ሺ የነበረው አርባ ሦስት ሺ ዘጠኝ መቶ ሆኗል። «ታዲያ ስትታገሡ ነበር ወይስ ስትቆጥሩ?» አልኳት። «ሁለቱም አንድ ነው እመቤት» አለችኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ የተሰጣትን ነው የምታነበው።

ማርሊ፣ የፈረምኩበትን ቀን ታስታውሺያለሽ? ከምሳ ሥራ ተጠርቼ፣ የፀጉር መረቤን እንኳ ሳላወልቅ ነው ኮሌጁ ውስጥ ብድር የሚያስፈርመው ሚስተር ሃስኬት ቢሮ የገባሁት። የምሩቃንን ገቢ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ግድግዳው ላይ ነበረው፤ አርባ ስድስት ሺ የምትለዋን በብዕሩ ነካ ነካ አደረጋት። «ይህቺ ፊርማ ከልጅቷ ጀርባ የቤተሰብ ሰው መኖሩን ለማሳየት ያህል ናት» አለኝ። እኔ እጄ እርጥብ ስለነበር ወረቀቱን እንዳላበላሽ ብቻ ነው የተጨነቅኩት። አበላሸሁትም፤ አውራ ጣቴ ታተመበት። የማነበው መስሎት እንኳ አልጠበቀኝም። እናትሽ ዲና ስታገባም እንዲሁ ምስክር ሆኜ ፈርሜያለሁ። ትዳሩ ሲፈርስ ማንም መጥቶ «እንግዲህ አንቺ አግቢው» አላለኝም!

በወር አራት መቶ ሰማንያ ስድስት ይፈልጋሉ። እኔ በሰዓት የማገኘው አሥራ ሁለት ዶላር ከስልሳ ነው። ካልተከፈለ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ፤ ከዚያ ቤቱን ይይዛሉ። ከእናቴ የቀረኝ ይሄ ቤት ብቻ ነው፤ ሌላ የምለው የለኝም። ግማሹን እንኳ ብትልኪ ግማሹን እኔ አሟላለሁ። ቅዳሜም እንድሠራ ቨርነንን ጠይቄዋለሁ።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ይሄን ብቻ መልሺልኝ።

አክስትሽ


ሞክፖ
ኖቬምበር 30፣ 2018

አክስቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። የምስጋና ቀን እዚህ የለም፤ ያለፈውን ሳምንት ሐሙስ ስድስት ሰዓት አስተምሬ ዋልኩ። የዱባ ኬክሽ ትዝ አለኝ።

ጥቅሉ ውስጥ ካልሲ አለ፤ ለጉልበትሽ የሚሆን ረጅም ነው። አንደኛው ውስጥ እጅሽን ክተቺ። ሦስት መቶ ነው። ከዚህ በላይ አሁን አልቻልኩም።

ልደብቅሽ ብዬ አልነበረም። የሚሻለኝ ሥራ እስካገኝ ብዬ ነው ትዕግሥቱን የወሰድኩት፤ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። የተሻለው ሥራ አልመጣም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የልደት ወረቀቴ ባንቺ ቤት፣ በእናቴ ሣጥን ውስጥ ነው። ዋናውን ላኪልኝ፤ ለሥራ ጉዳይ ነው። ደሞ ማንም ቢጠይቅሽ የት እንዳለሁ አላውቅም በይ። አገሩን እንኳ አትጥሪ።

እወድሻለሁ።
ማርሊ


ፓውነል
ጃንዋሪ 6፣ 2019

ለማርሊ፤

አዲሱ ዓመት ወደ ሁላችንም ቤት ሲገባ ጫማውን ጠርጎ ይግባ፤ ያለፈው ጭቃውን ይዞ ነው የገባው።

ካልሲው ልክ ሆነኝ። ሦስት መቶውን በማግሥቱ ለኩባንያው ከፈልኩ። የወሩን ወለድ እንኳ አልሸፈነም አሉኝ። የልደት ወረቀትሽ እዚህ ውስጥ አለ። ለምን ዋናው እንደሚያስፈልግ አልጠይቅሽም። ግልባጭ ግን አስቀርቻለሁ፤ የተወለድሽበት ሰዓት በእናትሽ እጅ ተጽፎበታልና።

ስለ ሬታ ልንገርሽ፤ ከመዘምራኑ መካከል ሁሌ ከኋላዬ የምትቆመዋን። ባለፈው እሁድ ብሮሸሩን በእጇ ይዛ ቤቴ መጣች። ልጇ ከጃንዋሪ ጀምሮ ዴንሎው ልትገባ ነው።

«ሎርና፣ አንቺ እዚያ ሃያ ዓመት ሠርተሻል። ይሄ አርባ ስድስት ሺ የሚለው እውነት ነው? ልጄ ካልፈረምሽልኝ ብላ አላስቀምጥ አለችኝ።»

ብሮሸሩን ከእጇ ተቀበልኳት። ያ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ አውቃለኋ! ማርሊ፣ ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

በተመረቅሽ በስድስተኛው ወር ኮሌጁ መጠይቅ ልኮልሽ ነበር። «ጣይው» አልሽኝ። አልጣልኩትም፤ ሞላሁት። ሥራ ይዘዋል? ይላል። አዎ። የት? «በከፍተኛ ትምህርት ተቋም» ብዬ ጻፍኩ። ውሸትም አይደል፤ ተቋሙ ኩሽና ውስጥ ከጎኔ ቆመሽ ድንች ትጨልፊ ነበር። ቨርነን «ምሩቋ፣ ሾርባውን አማስዪ እስቲ» እያለ ያሾፍብሽ ነበር፤ አንቺም «በየትኛው የትምህርት ክፍል ሥር?» እያልሽ ትመልሺለት ነበር። እኔ እስቅ ነበር። አንቺ አትስቂም ነበር፣ አሁን ሳስበው።

ዓመታዊ ገቢ የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። በሰዓት ዘጠኝ ዶላር ብዬ ብጽፍ ከጓደኞችሽ ልታንሺብኝ ነው። ያኔ የሚስተር ሃስኬት ሰንጠረዥ ትዝ አለኝ። አርባ ስድስት ሺ ብዬ ጻፍኩ። በዓመቱ ብሮሸሩ ሲወጣ አርባ ስድስት ሺ ይላል። «ይኸው፣ ልክ ነበርኩ» አልኩ በልቤ። እንደኔ ያለች ስንት እናት፣ ስንት አክስት እንዲሁ ከሰንጠረዡ ገልብጣ ወደ ሰንጠረዡ መልሳ እንደሆነ እንጃ።

ሬታን «አትፈርሚ» አልኳት። «ለምን?» ስትለኝ «እኔ ፈርሜ ስላየሁት» አልኳት። የመጠይቁን ነገር ግን አፌ አላወጣውም። ብሮሸሩን ከእጄ ነጠቀች። «ያንቺዋ ተምራ ባሕር ማዶ አስተማሪ ስትሆን ጥሩ ነው፤ የኔዋ ስትሆን ነው የሚቆጭሽ?» ብላኝ ወጣች። በማግሥቱ ሄዳ ፈረመች። አሁን ከኋላዬ አትዘምርም፤ ወደ ግራ ተዛውራለች።

ስለ ወርኃዊው ምንም አላልሽኝም። እየጠበቅኩ ነው። ሁለት መቶም ቢሆን።

አክስትሽ ሎርና


ፓውነል
ማርች 10፣ 2019

ለማርሊ፤

ደህና ነሽ? በሁለት ወር አንድ መስመር እንኳ አልደረሰኝም። የልደት ወረቀቱ ደርሶሽ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ። ፖስታ ቤት ያለው ሰውዬ ገና በር ስከፍት ራሱን ይነቀንቅልኛል።

ኮሌጁ ሊዘጋ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ፕሬዝዳንቱ በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኩሽናችን ገባ። «ለነገ ጠዋት መቶ ሃምሳ ኩኪስ ታደርሱልኛላችሁ?» አለ።

«ሰው ሞቶ ነው?» አለው ቨርነን ለቀልድ።

«እንደዚያ በለው» አለ ሰውዬው። አልሳቀም።

በኔ ኩኪስ ነው መርዶውን የነገሩን። በሜይ መጨረሻ በሩ ይቆለፋል። አንዲት አስተማሪ እያለቀሰች ሦስት ኩኪስ በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየሁ። ሚስተር ሃስኬት ከሁላችን ቀድሞ ሌላ ኮሌጅ ሥራ አግኝቷል፤ ያው ሥራ ነው። የሬታ ልጅ ኮሌጁ ከገባች ገና ሁለት ወሯ ነው። ሬታን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሳገኛት እኔም እሷም መሬት መሬት አየን።

ሐሙስ ዕለት ደሞ የፍርድ ቤት መጥሪያ መጣልኝ። ፖሊሱ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ሲሰጠኝ «ይቅርታ ወይዘሮ ሎርና፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አለ። «ከዛሬ ወዲያ አነብባለሁ» ብዬ በረንዳው ላይ አቁሜ እያንዳንዷን መስመር አነበብኩ። ልጁ ብርዱን እንዴት እንደቻለው! ከኋላው ያኔ የፈረምነው የብድር ወረቀት ቅጂ ተያይዟል። የኔ አውራ ጣት ጥቁር ሆኖ ወጥቷል፤ ከስሜ ይልቅ እሱ ይነበባል። ያንቺ ፊርማ ከላይ ነው፣ ልቅም ያለ።

ሥራዬ ሜይ ላይ ያልቃል። ፍርዱም ሜይ ላይ ነው። አንቺ በወር ሦስት መቶ እልካለሁ ብለሽ በጽሑፍ ብትሰጪኝ ቤቱን ሳይነኩ ሊስማሙ እንደሚችሉ በነጻ የምትረዳኝ ጠበቃ ነግራኛለች። አንድ ገጽ ነው። ባዶ ወረቀት ላይም ቢሆን ይበቃል። ቀኑ ሳያልፍ ላኪልኝ፤ እለምንሻለሁ።

ሎርና


ሞክፖ
ኤፕሪል 21፣ 2019

ለሎርና፤

ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

ወረቀቱን አልጽፍልሽም። ከጻፍኩት ያገኙኛል። እዚህ እስካለሁ ደሞዜን ሊነኩ አይችሉም፤ እዚያ ከተመለስኩ ግን እስከ ሃምሳ ዓመቴ እከፍላለሁ። ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። ባለፉት ዓመታት ለኮሌጁ ከተበደርኩት ውስጥ አንድ ዶላር እንኳ ዝቅ አላደረግኩም። አልመለስም። በኦገስት ላገባ ነው። ጁንሆ ይባላል፤ ጀልባ ጠጋኝ ነው፤ ደግ ሰው ነው፤ ስለ ዕዳው አያውቅም። የልደት ወረቀቱ ለዚያ ነበር።

ይሄ ላንቺ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አላውቅም ብዬ አልዋሽሽም። ስሄድም አውቅ ነበር።

ግን ያን የመጠይቅ ነገር ልተወው አልቻልኩም። እኔ በዚያ ኩሽና የጋለ ብረት ምጣድ እያጠብኩ፣ ወጥቼ የት እንደምደርስ ጠፍቶኝ ሳለ አንቺ አርባ ስድስት ሺ ብለሽ ጻፍሽብኝ። የተማርኩትም ባንቺ ግፊት ነው፤ «እኔ ሳህን አጥቢ ሆኜ ቀረሁ፣ አንቺ አትቅሪ» እያልሽ። እንግዲያው ያቺ በዓመት አርባ ስድስት ሺ የምታገኘዋ ማርሊ ትክፈልሽ። አንቺ ነሽ የፈጠርሻት፤ የት እንደምትኖር አንቺ ታውቂያለሽ።

ይሄን መስመር ልሰርዘው ነበር። ተውኩት።

መቶ ዶላር አለ። ለቤቱ ሳይሆን ላንቺ ነው።

ማርሊ


ሚልፎርክ፣ ኦሃዮ
ጁን 30፣ 2019

ይድረስ ለማርሊ፤ ካለሽበት ጤናሽ ይጠበቅልሽ።

አድራሻዬ መቀየሩን ከላይ አይተሻል። ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ አንዲት ክፍል ይዣለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ወለሉ ይሞቃል፤ ለጉልበቴ ጥሩ ነው። የአረጋውያን መኖሪያ ኩሽና ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ሁሉም ነገር ተፈጭቶ ነው የሚቀርበው። ቨርነንም እዚሁ ሊመጣ ያስባል። «ጥርስ የሌለው ሰው ማካሮኒዬን አይሰድብም» ይላል።

ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ። ደጋግሜ። በባዶ ስሜ ጠራሽኝ፤ አክስቴ የሚለው ቀረ። መጀመሪያ ያመመኝ እሱ ነው፤ ሌላው ቆይቶ ነው የደረሰብኝ። ስለ መጠይቁ ያልሽው ልክ ነው፣ አልከራከርሽም። ሬታ ቤት ሄጄ፣ በሩ ላይ ቆሜ፣ ቁጥሩን እኔም እንደጻፍኩት ነገርኳት። አልገባሁም፣ ግቢም አላለችኝ። ብቻ «አሁን ነው የምትነግሪኝ?» አለች። እሷም ልክ ናት።

ቤቱን ሸጥኩት። ሠላሳ ስምንት ሺ ከአምስት መቶ። ፍርዱ ሳይወጣ በአንድ ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ሺ ከሰጠሁ እንደሚበቃቸው ኩባንያው ተስማማ። በስልክ ያገኘኋት ያቺው ልጅ ናት፤ ድምፅዋን ለየሁት። «ጨረሱ እመቤት፣ ነጻ ነዎት» አለችኝ። «ማርሊስ?» አልኳት። «እሷም ነጻ ናት» አለች። ማረጋገጫውን አብሬ ልኬልሻለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ በዕዳ የሚፈልግሽ የለም። ስልክሽን ክፈቺው። ለጁንሆም ብትነግሪው ባትነግሪው ያንቺ ፈንታ ነው። ብትመጪ የሚይዝሽ የለም።

ቤቱን ስለቅ የፍሪጁ በር ላይ ያ ብሮሸር ነበር። አላነሳሁትም ነበር፣ ብትነግሪኝም። ገዢዎቹ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። «ይህቺ ማን ናት? ፎቶ ላይ ታምራለች» አለች ሚስትየዋ። «ዘመዴ ናት» አልኳት። «ቅርብ?» አለችኝ። ሳልመልስላት ማግኔቱን አነሳሁና ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ለሠርግሽ ምስክር ያስፈልግሻል። መምጣት ብችል ፈርሜልሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይሄኛውን አንብቤ። መቶ ዶላርሽን መልሼልሻለሁ፤ ለጫማ አድርጊው።

እንግዲህ ኩባንያው ከመሃላችን ወጥቷል። ሃያ ዘጠኝ ሺው አሁን በኔና በአንቺ መካከል ነው። ወረቀት የለውም፣ ወርኃዊም የለውም፣ በስልክ አልደውልልሽም። አልከሰስሽም። ምንም ሳትልኪ ዓመት ቢያልፍ፣ አሥርም ቢሆን፣ አንድ ቃል አልናገርም።

ትዕግሥት ሰጥቼሻለሁ ማርሊ። ቃሉን ታውቂዋለሽ።

ሎርና ፕሩዊት